ወልድያ በስንት ዓይነት ይጻፋል?

ስማችሁን በፈረንጅ ፊደል ስትጽፉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የምትጽፉት? እንዳትዋሹኝ። እኔ ጌታቸው ነኝ። ዲፕሎማዬ ላይ አንድ ጌታቸው አለ፣ የባንክ ደብተሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጌታቸው። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም። ይህን ነገር እንደ ቀልድ ነበር የማየው፤ ላሊበላ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ እስክቀጠር ድረስ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። ባለቤቴ ሙሉ የምታስተምረው ወልድያ ነው፤ ሴት ልጃችንም ከእሷ ጋር ናት። እኔ ላሊበላ። ልጄን ለማየት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጋሸና ላይ በብርድ ተቆራምጄ፣ አቧራዬን ሳላራግፍ ከቤት ስገባ ልጅቱ ታየኝና ታለቅሳለች። የማን ሰውዬ ነው ብላ ነው። ስለዚህ ዝውውር ጠየቅሁ። ኃላፊያችን አቶ ይመር ክፉ ሰው አይደሉም፤ መጀመሪያ ወልድያ ካለው ኮምፒዩተር ጋር አገናኘን፣ ከዚያ እፈርምልሃለሁ አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ተቀምጣችሁ ወልድያ ያለውን ኮምፒዩተር ትከፍታላችሁ፤ ከዚያ ልክ ፊቱ እንደተቀመጠ ሰው ትሠሩበታላችሁ። ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። ጻፍኩ። በዚህ ስም የሚጠራ ኮምፒዩተር አላገኘሁም አለኝ። ወልድያ ላለው ባለሙያ፣ ለሰይድ ደወልኩ። የማሽኑ ስም ማን ነው? "ወልድያ ነዋ" አለኝ። መስመሩስ ደህና ነው? "አብሽር፣ ሁሉም ደህና ነው።" እውነቱን ነው፤ በስሙ ፈንታ ሰይድ የነገረኝን የማሽኑን የአድራሻ ቁጥር ስጽፍ ወዲያው ተከፈተ። ችግሩ፣ ቁጥሩ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይቀየራል። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ለአቶ ይመር ማስረዳት ነበረብኝ። ኮምፒዩተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚነግረን መሀል ላይ ያለ ሌላ ማሽን ነው፤ አላውቀውም ያለው እሱ ነው አልኳቸው። አቶ ይመር አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። "መሀል ላይ?" አሉ። አዎ፣ መሀል ላይ። "ታዲያ ደላላ ነው አትለኝም?"

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። አጀንዳው በእኛና በወልድያ መካከል የገባው ደላላ ነበር። አንዱ ተነስቶ ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት መገለጫ ነው አለ። ሌላው የለም፣ የአመለካከት ችግር ነው አለ። አንዷ ደግሞ ደላላው የማን ዘመድ እንደሆነ ይጣራልን አለች። እኔም ደላላውን በወቅቱ ባለማጋለጤ ግለ ሂስ አደረግሁ። ምን ላድርግ? የአቶ ይመርን ፊርማ እፈልጋታለሁ። ደላላው በሌለበት ተወቅሶ ስብሰባው ተበተነ።

ከስብሰባው ስወጣ በግኜ ነበር። ሰይድን ደውዬ የማሽኑን ስም ፊደል በፊደል ንገረኝ አልኩት። ሳቀብኝ። "ወልድያ ደግሞ ስንት ዓይነት ይጻፋል ወንድምዋ?" አለኝ። ይጻፋል እንጂ። እኔ ከደብሊው ቀጥሎ ኦ ነበር ያደረግሁት፤ እሱ ለካ ኢ አድርጎ መጨረሻው አካባቢ ዋይ ሸጉጦበታል። እኛ ማኅተም ላይ በኦ ነው አልኩት። እኛ በር ላይ በኢ ነው አለኝ። ወልድያዎች በከተማቸው ስም ካልታመኑ በምን ይታመኑ? በኢ ጻፍኩ፤ ዋይዋንም አስገባሁ። ተከፈተ። ምስኪኑ ደላላ ንጹህ ሰው ነበር፤ የተሳሳተ ስም ሰጥተን ለምን አላወቅህም ብለን ነው ስሙን ያጠፋነው።

ሮጬ አቶ ይመርን ጠራኋቸው። በእኔው ኮምፒዩተር ማያ ላይ ሰይድ የለጠፈው የልጆቹ ፎቶ ድቅን ብሏል፤ ሳያቸው የእኔዋ ትዝ አለችኝ። አቶ ይመር ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

"አሁን ይኼ ወልድያ ነው?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

"አንተም አሁን የምትሠራው እዚያ እንዳለ ሰው ሆነህ ነው?"

ልክ እዚያ እንዳለ ሰው አልኳቸው፣ ኩራት ኩራት እያለኝ። በዚያው ሞቅታ የዝውውር ማመልከቻዬን ከነእስክሪብቶው ዘረጋሁላቸው። አቶ ይመር ማመልከቻውን አዩት፣ ማያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እስክሪብቶውን ቀስ አድርገው መለሱልኝ።

"አንተ ሰው፣ በየቀኑ ወልድያ እየገባህ ደግሞ የምን ዝውውር ነው የምትጠይቀኝ?"