ውኃ በሌለበት ግቢ የቆመች ጀልባ

ሰው ሁሉ ሲተኛ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ አይደለም። አንዳንዱ ትራስ ሲነካ ይሄዳል፤ በቃ፣ የለም። አንዳንዱ ግን ትራሱ ላይ ጉባኤ ይከፍታል። ቀን የተናገረውን፣ መናገር ሲገባው የዋጠውን፣ ሰላም ሳይላቸው ያለፋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራ ሲያነጋግር ዶሮ ይጮኻል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ የመጨረሻው ዳቦ ለእኔ ከደረሰ፣ ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ፊት ማታ ከሳህኔ ውስጥ ቀና ብሎ ያየኛል። ባጃጅ ውስጥ ጥግ ከደረሰኝ ጥጉን የቀማሁት ሰው ያለ ይመስለኛል። ባለቤቴ አስናቀ፣ «አንቺ እኮ የራስሽ ጥፋት ሲያልቅብሽ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ» ይለኛል። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አውቃችኋለሁ፤ ራሳችሁን አትነቅንቁ።

የዚህ አመል አንድ ጥቅም ቢኖረው ሕልም ነው። ጥቂት የሚተኛ ሰው በተኛባት ሰዓት አጥብቆ ያልማል። ሕልም ውስጥ ደግሞ ነገር ቦታውን አይጠብቅም። በቅሎ ባንክ ቤት ተሰልፋ ታያላችሁ፤ አይገርማችሁም፤ እንዲያውም ከኋላዋ ትሰለፋላችሁ። ስለዚህ በግንቦት ማብቂያ አንድ ማለዳ በሬን ከፍቼ በግቢዬ መካከል፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ነጭ ጀልባ ቆማ ሳይ ዓይኔን አላሸሁም። ጉም ገና አልተነሣም ነበርና የምትንሳፈፍ ትመስል ነበር። ዝም ብዬ ፊቴን ልታጠብ ወደ በርሜሉ ሄድሁ። በርሜሉ ባዶ ነው። ሕልም አለመሆኑ ያኔ ገባኝ።

ውኃ በእኛ ሰፈር እንዴት እንደምትመጣ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ለሌላው ግን ልንገር፦ እንግዳ ናት። ቀጠሮ አትሰጥም። ስትመጣ ቧንቧው ውስጥ ትንሽ ታስላለች፣ ቀጥላ ቡናማ ነገር ትተፋለች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ በጀሪካን ይቀበላታል። በዚያ ሰሞን ከመቅረቷ የተነሣ ስሟን እንኳን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጠራው። እንግዲህ በዚህች ከተማ፣ በዚያ ወር ነው የእኔ ባል ጀልባ ያስመጣው።

በእርግጥ የእሱ ጥፋት አይደለም። መካኒክ ነው፤ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን በእኛ በር መግባቱ አይቀርም። ጀልባዋ ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስ የአንድ የጎርጎራ ሰው ናት። እምቦጭ የሚሉት አረም ሐይቁን ከወረረ ወዲህ፣ ከሥራቸው የሚሽከረከር ማራገቢያ የተንጠለጠለባቸው ጀልባዎች እየተተበተቡ መሐል ውኃ ላይ ይቆማሉ። ይህችኛዋ ከሥሯ የተንጠለጠለ ነገር የላትም። ሆዷ ላይ ባለ ቀዳዳ ውኃ ትስባለች፣ ውስጧ ያለው ፓምፕ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ከበስተኋላዋ ባለች ጠባብ አፍ ትተፋዋለች። በተፋች ቁጥር ወደፊት ትሄዳለች። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ያች አፍ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ጀልባዋም ወደዚያው ትታጠፋለች። ሳትተፋ ግን መታጠፍ አትችልም። ነዳጁን የቀነሳችሁባት እንደሆነ መሪው በእጃችሁ ላይ ጌጥ ነው፤ ነፋስ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። አስናቀ ይህን ሲያስረዳኝ ስንት የማውቃቸው ሰዎች በዓይኔ ላይ ሄዱ መሰላችሁ።

አሸዋ ፓምፑን በልቶታል፣ መሪውን ከአፏ ጋር የሚያገናኘው ካቦም ዝጓል። አስናቀ ፓምፑን ፈታ። በውስጡ በሚሽከረከረው ማራገቢያ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ለወጠ፤ ከዚያም ሮንዴላ የሚሏቸውን ቀጫጭን ብረቶች እየጨመረና እየቀነሰ ማራገቢያው ቀለበቱን ሳይነካ ለጥቂት እንዲያልፍ አደረገ። ክፍተቱ ከሰፋ ውኃው ሹልክ ብሎ ያመልጣል፤ ከጠበበ ብረት ብረት ይበላል። አዲስ ካቦ አስገባና መሪውን በዓይኑ ለክቶ አሰረ። የቀረው መሞከር ነው። ጎርጎራ ወርዶ እንዳይሞክር፣ እዚያ አንድ ነገር ቢሰበር ብየዳው የት፣ መፍቻው የት? ባለ ጀልባው ደግሞ በማግስቱ መኪና ይዞ ሊወስዳት ይመጣል።

ማዶ ያሉት ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ወደ ሱቃቸው ሲያልፉ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«አስናቀ፣ ከላይ የተነገረህ ነገር ካለ ለእኛም አካፍለን እንጂ። ብቻህን ልትድን ነው?»

«ለእርስዎ ቦታ ይዣለሁ፣ እትዬ። ከበጎቹ አጠገብ።»

«የጥፋት ውኃው መቼ ነው ታዲያ? ጀሪካኖቼን ላውጣቸው!»

አስናቀ ከጀልባዋ ኋላ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሸራ አነጠፈበት፤ የጀልባዋን ኋላ ወደ ጉድጓዱ ዝቅ አደረገ። ከዚያ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሮቷችን ውስጥ የቀረችውን ውኃ በሙሉ ለቀቀበት። ለሁለት ቀን የሚጠጣ በጀሪካን አስቀርቻለሁ፤ ቢሆንም ሰፈሩ ሁሉ በልኩ እየጠጣ እኛ ለጀልባ ውኃ ስንቀዳ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አይጠፋም» አለኝ ፊቴን አይቶ። «ይኸውልሽ፣ አፏ ላይ ክዳን አለ። ወደ ኋላ ለመሄድ የሚወርድ ነው። እሱ ከወረደ የተፋችው ሁሉ ወደ ታች ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ስትጠጣ ስትተፋ ብትውል አንድ ባልዲ አይጎድልም።»

እንዲህ ከሆነማ ብዬ ልረጋጋ ስል እትዬ ዘይነባ ተመልሰው መጡ። ጆሮዬ ላይ ሹክ ያሉኝ ስለ አያ ይርጋ ነው።

አያ ይርጋ ከግቢያችን ግንብ ወዲያ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከደባርቅ በኩል መጥተው ይኸው ጎንደር ሸበቱ፤ አነጋገራቸው ግን አሁንም የአገራቸው ነው። ዛሪማ ላይ አንዲት እህት አለቻቸው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጧሪም የላትም። ልትመጣ ነው። ለእሷ ብለው ከቤታቸው ኋላ አንዲት ክፍል አቁመዋል፤ ቆርቆሮው ተመቷል፣ ግድግዳው ግን ገና እንጨት ነው። አፈሩን ከወለቃ በኩል አስመጥተው ከጭድ ጋር ከምረውታል። በማግስቱ ደቦ መጥቶ ሊመርግላቸው ነው። ለዚህ ደግሞ አፈሩ ቀንና ሌሊት ውኃ ጠጥቶ መዋልና ማደር አለበት። ውኃ የለም። ደቦው ባዶ እጁን ከተመለሰ እርሻ ይጀምራል፣ ዝናብም ይገባል፤ ቤቱ እንደ ቅርጫት በንፋስና በዝናብ ሲታጠብ ይከርማል። እህትየው ደግሞ ቅዳሜ በአውቶቡስ ትሳፈራለች።

«ምነው ለእኛ አይነግሩንም?» አልሁ።

«እሱ? እሱ እንኳን ውኃ፣ ሰዓት ስንት ነው ብሎ ሰው አይጠይቅም» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

ወደ አስናቀ ሮጥሁ። ከጀልባዋ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ ነገርሁት። እግሩም፣ «ውኃው ከቀዳዳው በታች ከወረደ አየር ትስባለች። ዛሬ ካልሞከርኋት ነገ ሰውየው ሰው ጭኖባት ሐይቅ መሐል ይገባል፤ መሪው እንቢ ቢለውስ? ማታ ስጨርስ በባልዲ እናቀብላቸዋለን» አለኝ።

«ማታ ከሆነማ አፈሩ መቼ ጠጥቶ!»

«እስከ ማታ ብቻ ነው» አለ እግሩ።

እሱም ልክ ነው። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ሁሉም ሰው ልክ ሲሆን ጥፋቱ የት ይሂድ? ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ነጂው ወንበር ላይ ተቀምጬ መሪውን ቀጥ አድርጌ መያዝ፣ ጨምሪ ሲለኝ ነዳጅ መጨመር፣ በቀኜ ያለችውን የክዳኑን ማንሻ ፈጽሞ አለመንካት። ሞተሩ ተነሣ። ከሥሬ ውኃው ይንተከተካል፣ ወንበሩ ልክ እንደ እሽሩሩ ይነቀንቀኛል። ጀልባዋ ከፊቷ በድንጋይ ከፍ ብላለችና ከተማው ከፊቴ ተዘረጋ፤ ቆርቆሮው ሁሉ በፀሐይ እንደ ሞገድ ያብረቀርቃል፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ጣሪያ ለጣሪያ ይዋኛል፣ ከማዶ ያለው ተራራ ደግሞ ልንደርስበት ጥቂት የቀረን ዳርቻ ይመስላል። ቤት ለቤት እየቀዘፍሁ፣ ለማውቀውም ለማላውቀውም እጄን እያውለበለብሁ ስሄድ ይሰማኛል። እንዲያ ሆኜ ነው ዘወር ብዬ ወደ ኋላ፣ ከግንቡ ወዲያ ያየሁት።

አያ ይርጋ ከአፈሩ ክምር አጠገብ ቆመዋል። በእጃቸው የእጅ መታጠቢያዋን ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ጎንበስ ብለው አፈሰሱ። አፈሩ ጠጣውና ምንም እንዳልተሰጠው ሆነ። መዳፍ የምታህል የራሰች ቦታ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ረገጥ ረገጥ አደረጉ። ገብተው ወጡ። ይህን ጊዜ የያዙት የሚጠጡባትን ኩባያ ነው።

«ነዳጅ ጨምሪ!» አለ አስናቀ ከታች።

ጨመርሁ። እጄ ሳላስበው ሄደ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ፤ ግን ውሸት ነው። በደንብ አስቤበታለሁ። ከግንቡ ወዲያ ሁለት ባዶ በርሜሎች ነበሩ፣ ከጀልባዋ አፍ ትክክል። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝሁና ማንሻዋን ሳብኋት። ክዳኑ ተነሣ።

እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የሮቷችን ውኃ በሙሉ አንድ ነጭ ክንድ ሆኖ ተነሣ፤ ከግንቡ በላይ ሲደርስ ፀሐይ ገብታበት ቀስተ ደመና ሠራ። ከዚያ ወረደ። በርሜሎቹ ላይ ግን አይደለም። ከእነሱ ወደ ግራ ታጠፈና አፈሩን ከእነ ባለቤቱ አለበሳቸው። ጉድጓዱ ጭልጥ አለ። ፓምፑ አየር ውጦ ሲጮኽ አስናቀ ዘልሎ አጠፋው።

ቀጥሎ ከግንቡ ወዲያ፣

«ምነው ልጄ! ብትነግሪኝ ጋቢዬን አወልቅ አልነበር?»

ከጀልባዋ ላይ ሆኜ ይቅርታ ስለምን አያ ይርጋ አይሰሙኝም፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገብተዋል። እየረገጡ፣ «ሸጋ ነው! ሸጋ!» ይላሉ፤ ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል። ወደ አስናቀ ዞርሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጀልባ ውስጥ አልገባም፣ ነጂ ወንበር ላይ አልቀመጥም እያልሁ ስንተባተብ እሱም አይሰማኝም። ግንቡ ላይ ወጥቶ ቁጢጥ ብሏል።

«መሪው የት ነበር?»

«ቀጥ! ወደ በርሜሎቹ ነበር እኮ...»

«ማይልኝ።»

«እማምላክን!»

ፊቱ በራ። «ክዳኑ ወርዶ ቢሆን ይህን መቼም አላይም ነበር። ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ግራ ይሁን ቀኝ ማን ያውቃል? አያ ይርጋ! ውኃው መጀመሪያ የት ላይ አገኘዎት?»

«ግንባሬን!»

«እዚያው ይቁሙልኝ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።»

«ምነው፣ ደግሞ ልታጠምቀኝ ነው?»

«ልለካብዎት ነው።»

እንዲህ ሆኖ የጎርጎራዋ ጀልባ መሪ በአያ ይርጋ ግንባር ተስተካከለ። አስናቀ በበርሜሎቹና በሽማግሌው መካከል ያለውን ርቀት በክንዱ ለካ፤ ተመልሶ የካቦውን ዳዶ ፈታ፣ በጥቂቱ አዞረ፣ አጠበቀ። ውኃ የለምና ዳግመኛ መሞከር አልተቻለም ብዬ አዲስ ጭንቀት ልጀምር ስል፣ ወደ አመሻሽ ላይ ቧንቧው አሳለ። እትዬ ዘይነባ ከማዶ፣ «መጣችላችሁ!» ብለው ጮኹ። መጣች። ጉድጓዱ ሞላ፣ ሮቶው ሞላ፣ ከግንቡ ወዲያ ያሉት በርሜሎችም ሞሉ። ጥቂት ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ ለሁሉም ትደርስ ነበር ማለት ነው? ለአፈሩ ይረፍድበት ነበር ይሉኛል አያ ይርጋ። ለሐይቁም ይረፍድበት ነበር ይለኛል አስናቀ፤ በሁለተኛው ሙከራ ውኃው በርሜሉ አፍ ላይ ነው የወረደው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል? ጥፋት አጥፍቼ የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ደቦው መረገ፣ ጀልባዋም ሄደች። ስትወጣ ልጅ አዋቂው እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ባለቤቷ ኋላ ደውሎ፣ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች አለ።

የአያ ይርጋ እህት፣ እትዬ አዛለችም ከዛሪማ መጡ። ሊማሊሞን ሲወጡ ራሳቸውን አዙሯቸው ነበርና በጊዜ ተኙ። በማግስቱ እንኳን ደህና መጡ ልላቸው ገባሁ። አያ ይርጋ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ እትዬ አዛለች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ይዳብሳሉ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ቀጭን የግራሶ ወዝ ያሳያል።

«ወንድሜ» አሉ፣ «ይህ ቤትህ ምንድን ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሲንሳፈፍ አደረ። ዙሪያዬን ውኃ ነበር፣ ዳርቻ የሌለው። ዓይኔም ደህና ያይ ነበር።»

እኒህ ሴት ሐይቅ አይተው አያውቁም። ስለ ጀልባዋም የነገራቸው የለም። አያ ይርጋ እኔን አዩኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«መልአክ የቆመበት ቤት ነው» አሉና እትዬ አዛለች ግድግዳውን ሳሙት።

እነሆ ሰሞኑን ትራሴ ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ይኸው ነው፤ ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው? እሳቸው የተሳለሙት ግድግዳ በጀልባ ሆድ ውስጥ ባለፈ ውኃ መቦካቱን መናገር ነው ኃጢአቱ፣ ወይስ አለመናገር? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል፤ ዶሮ ይጮኻል። ከግንቡ ወዲያ እትዬ አዛለች ትራስ እንደነኩ ሄደዋል። እስካሁን መሐል ሐይቅ ሳይደርሱ አይቀሩም።