ለሾፌሩ እንደተመቸው

ጨዋ ሰው ፓርላማ መግባት የለበትም። ከቻለ በቴሌቪዥን ይየው፤ ካልቻለ ያየ ጎረቤት ይንገረው። እግሩን አንሥቶ ከገባ ግን ጨዋነቱ ራሱ ጉድ ይሠራዋል። “አንቺ ደግሞ ስለ ፓርላማ ምን ታውቂያለሽ?” እንዳትሉኝ። ክነሰት የሚሉትን የኢየሩሳሌሙን ፓርላማ ወንበር በገዛ መቀመጫዬ አሙቄ የተመለስኩ ሴት ነኝ።

ነገሩ የተነሣው ከአውቶብስ ነው። እኛ የምንኖረው አሚሻቭ የሚባል ሰፈር ነው፤ የምንሠራው ደግሞ ሰጉላ፣ ኪያር በኮምጣጤ ከሚታሸግበት ፋብሪካ። ወፍ ብትሆኑ ከአሚሻቭ ተነሥታችሁ ክንፋችሁን ሁለቴ ሳታማቱ ሰጉላ ትደርሳላችሁ። ሰው ስለሆንን ግን በአንዱ አውቶብስ መሀል ከተማ መውረድ፣ እዚያ ተገትሮ መጠበቅ፣ ከዚያ በሌላው አውቶብስ የመጣንበትን መንገድ ግማሹን መመለስ አለብን። ሁለተኛው አውቶብስ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፤ ሳይፈልግ አያት ሊጠይቅ እንደሄደ ልጅ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

የፋብሪካው አለቃ ሺሞን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓት ብቻ ነው የሚያከፋው። አንድ ቀን አርፍጄ ስደርስ በር ላይ ጠበቀኝና፣

“ዝናሽ፣ አንድ ጊዜ ብትደግሚኝ ኪያር የምታይው ገበያ ወጥተሽ ነው” አለኝ።

ገባኝ። ልጆቼን በዚያ ኪያር ነው የማሳድገው። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤቱ “የአውቶብሱ ድርጅት ነው” አለኝ። ድርጅቱ “የትራንስፖርት ሚስራድ ነው” አለኝ። ሚስራድ ማለት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሻይ እየጠጡ ሰው የሚልኩበት ቤት። ሚስራዱም “በደስታ!” ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መለሰኝ። መቼም ለእግሬ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ሩቲ የምትባል የሰፈራችን ሶሻል ወርከር አዘነችልኝና “ክነሰት ውስጥ የእናንተን ዓይነቱን ጉዳይ የሚሰማ ኮሚቴ አለ፤ ቀጠሮ አስይዝላችኋለሁ” አለች። አስያዘችልን።

እንግዲህ ማን ይናገር? እኔ እንዳልናገር ወግ አይደለም። የሰፈር ጉዳይ የሚያቀርብ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ከተባለ ደግሞ ከአባ ወርቁ ወዲያ ማን አለ? አባ ወርቁ በጎንደር ሳሉ ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቀው አንድ ማዕድ ያስቀመጡ ናቸው። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ዕብራይስጡን ግማሹን ከዑልፓን፣ ከአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከኪያር ጣሳ ላይ አንብቤ ነው የተማርኩት፤ ስለ ጨውና ስለ ኮምጣጤ ማንም አይረታኝም። ሦስተኛዋ ትርንጎ ናት፤ ከጎኔ ቆማ የምታሽግ ባልንጀራዬ። ሥራዋ መሳቅ ብቻ ነበር። በሚገባ ተወጥታዋለች።

ኢየሩሳሌም ደረስን። ቀጠሯችን ገና ስለነበር መጀመሪያ ዋናውን አዳራሽ ከላይ፣ ከእንግዶቹ ሰገነት ሆነን እንድናይ ወሰዱን። እኔ የጠበቅሁት ሕዝብ ጢም ብሎ ነው። ወደ ታች ባይ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፤ የሚሰማው የለም። አንዱ ጋዜጣ ያነባል። አንዱ አንገቱን ጥሎ ያንጎላጃል። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ያወራሉ። የቀረው ወንበር ነው።

አባ ወርቁ ፊታቸው ጠቆረ።

“ልጄ፣ ይህ ሰው ምን አጥፍቶ ነው ያኮረፉት?”

“አላኮረፉትም አባ ወርቁ። ሥራቸው እንዲህ ነው አሉ።”

“ሰው ሲናገር እሺ የሚለው ይጣ?”

እሳቸው እያሉ እንዴት ተደርጎ። ሰገነቱን ወደከለለው መስተዋት ጠጋ አሉና ሰውዬው በተናገረ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። “እሺ… እሺ… አዬ…” ቋንቋውን አይሰሙትም፤ ግን ሰውዬው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያዝናሉ፣ ዝቅ ሲያደርግ በእጃቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ቀጭኑ ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ በኋላማ ወደ ታች ያለውን አዳራሽ ተወው፤ ንግግሩን ሁሉ ወደ ሰገነቱ አዞረው።

ወዲያው አስተናባሪው እየተንደረደረ መጣ። “ከሰገነት ለአባላት ምልክት መስጠት ክልክል ነው።”

“ምን አለ?” አሉ አባ ወርቁ።

“መስማት ክልክል ነው አለ” አለች ትርንጎ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

ከዚያ ኮሚቴው ክፍል ገባን። ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ በብስኩት የተሞላ ሰሐን። ሰብሳቢው ራሰ በራ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ ትንሽ መዶሻ አስቀምጧል። ከእሱ በስተቀኝ አንድ ወፍራም የምክር ቤት አባል፣ በስተግራ መነጽር ያደረገች ሴት አባል አሉ። ጥግ ላይ አንዲት ጸሐፊ ከአፍ የወጣውን ሁሉ ትጽፋለች። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ያ ቀጭኑ ተናጋሪ። እሱም የዚሁ ኮሚቴ አባል ኖሯል። አባ ወርቁን ሲያይ፣ የጠፋ አጎቱን ያገኘ መሰለ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። “አምስት ደቂቃ አለህ። ጉዳይህን አስረዳ።”

ዕብራይስጥ “እርስዎ” የሚሉት ነገር የለውም፤ እኔ ግን “አምስት ደቂቃ አለዎት፣ እባክዎ ያስረዱን” ብዬ አሽሞንሙኜ አቀረብኩላቸው። አባ ወርቁ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

“እንዴት ሰነበታችሁ?”

ተረጎምኩ። “በሰደር፣ በሰደር” አሉ ሁሉም በአንድ ላይ፤ ደኅና ነን ማለታቸው ነው።

“ጤናችሁ እንዴት ነው? ሚስቶቻችሁስ? ልጆቻችሁስ ደኅና ናቸው? ከብቶቻችሁስ?”

ከብት ላይ ስደርስ ምላሴ ቆመ። የክነሰት ሰው ምን ከብት አለው? አሰብኩና “መኪኖቻችሁስ?” ብዬ ተረጎምኩ።

ወፍራሙ አባል ተነፈሰ። “የእኔ እንኳ ከእሑድ ጀምሮ ጋራዥ ነው።”

“ምን አለ?” አሉ አባ ወርቁ።

“የእሳቸው ታሟል።”

“እኔን። ምኑን?”

“ማርሹን” አለ ወፍራሙ፤ ከልቡ አዝኖ።

“እግዚአብሔር ይማርልህ በይው።”

ወፍራሙ የልቡን የሚጠይቀው ሰው ያገኘው ገና ዛሬ መሆኑ ያስታውቃል። ስለ መካኒኩ ውሸታምነት ይተርክ ጀመር። እሱ ሳይጨርስ መነጽር ያደረገችው ሴት እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው እንደተሰበረ ተናገረች። አባ ወርቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የእናትየውን ስም ጠየቁ፤ መረቋቸው፤ ምርቃቱን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። እኔ ግን የሰብሳቢውን ሰዓት ነበር የማየው። ሺሞን ታየኝ። ገበያው ታየኝ። ኪያሩ ታየኝ።

ሰብሳቢው መዶሻውን አነሣ። “ጊዜህ አለቀ።”

“ምን አለ?”

“ጊዜዎ አለቀ ይላል።”

“መቼ ጀመርኩና?” አሉ አባ ወርቁ፤ እውነታቸውን ነው።

ይኼኔ ቀጭኑ እጁን አወጣ። “እኔ የመናገሪያ ጊዜዬን ለእኚህ አባት ሰጥቻለሁ።” ለካስ በክነሰት ሥርዓት ሰው ደቂቃውን ለሌላ መስጠት ይችላል። ነፍሴ መለስ አለች። “አባ ወርቁ፣ አሁን ወደ አውቶብሱ…” ብዬ ሳልጨርስ ግድግዳው ላይ ያለ ደወል ጮኸ። ምን ልበላችሁ፣ አራቱም ብድግ ብለው በሩጫ ወጡ። ወፍራሙ ሳይቀር ሮጠ።

አባ ወርቁ ደንግጠው ተነሡ። “ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። አዳራሹ ገብተው እጃቸውን ሊያወጡ ነው።”

“እጅ ለማውጣት ነው እንዲህ የሚሮጡት?”

“ከዚያኛው ወገን እጅ እንዳያንሱ ነው አባ ወርቁ።”

“ምንም ቢሆን ብቻቸውን አንተዋቸውም” ብለው ሊከተሏቸው ሲሉ ትርንጎ ጋቢያቸውን ይዛ አስቀረቻቸው። ጸሐፊዋ ብስኩት ጋበዘችን፤ በይሉኝታ አልበላንም። ትርንጎ ብቻ በላች።

ተመለሱ። ቀጭኑን “ምን ወሰናችሁ?” አልኩት፣ ለወግ ያህል። “ጓደኞቼ ሲያወጡ አወጣሁ፤ ገና አልጠየቅኋቸውም” አለኝ።

ሰብሳቢው ተቀመጠ። “ያላ፣ ቀጥል።”

አባ ወርቁ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እናንተዬ፣ እኛ አገር የወጣ ሰው ሲመለስ ምን ይባላል?

“እንዴት ዋላችሁ?”

ልቤ ስንጥቅ አለ። “ደኅና ገባችሁ? መንገዱ እንዴት ነበር?” መንገዱ ኮሪደር ነው። ትርንጎ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወፍራሙ ስለ መንገዱ መናገር ጀመረ፤ ሊፍቱ አልሠራ ብሎት በደረጃ ነው የሄደው። የቀጭኑ ደቂቃ ይፈስሳል። ሰብሳቢው እጁን ወደ መዶሻው ሰደደ።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ሽማግሌ እየተናገረ አፏን ከምትከፍት ሴት ጋር በአንድ ወንዝ ውሃ አልቀዳም ትል ነበር። ከፈትኩት። በቁሜ፣ በራሴ ዕብራይስጥ፣ በኮምጣጤው ዕብራይስጥ ለቀቅኩት።

“አውቶብስ ነው የምንፈልገው። ጠዋት፣ ከአሚሻቭ ሰጉላ፣ በቀጥታ። በሁለት አውቶብስ እየሄድን እንዘገያለን። አንዴ ከደገምኩ ከሥራ እባረራለሁ። ይኸው ነው።”

ሰብሳቢው ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

“ይኸው ብቻ ነው?”

“ይኸው ብቻ ነው።”

“ለምን ከመጀመሪያው አልተናገራችሁም?”

“ሰላምታ ላይ ነበርን” አልኩት። ምን ልበለው?

የደገፈ እጁን ያውጣ ተባለ። ወፍራሙ አወጣ፤ ሴትዮዋ አወጣች፤ ቀጭኑ ሁለቱንም እጁን አውጥቶ አንዱን አውርድ ተባለ። ኮሚቴው ለሚስራዱ አጥብቆ ሊጽፍ ተስማማ። ትርንጎ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ በደስታ እንባዬ መጣ። እዚህ ላይ አመስግነን ውልቅ ብንል ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩ። ሰብሳቢው ግን ደስ ብሎት፣ መልካም ሰው ለመሆን ፈለገ።

“አውቶብሱ በስንት ሰዓት ቢመጣ ይመቻችኋል?”

“ምን አለ?” አሉ አባ ወርቁ። እሳቸውን አቋርጬ በመናገሬ ዓይኔን አያዩኝም።

“በስንት ሰዓት ቢመጣ ይመቻችኋል ነው የሚለው።”

“አውቶብስ ተሰጥቶን ሰዓት ልንመርጥ? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ? እኛማ በማንኛውም ሰዓት እንነሣለን። ለሾፌሩ እንደተመቸው ይሁን በይው።”

“አባ ወርቁ፣ ቢቀር…”

“በይ።”

አያችሁ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መድፈር ይከብዳል። አንዱ እንኳ ገና አልወረደልኝም። “ለሾፌሩ እንደተመቸው ይሁን” ብዬ ተረጎምኩ። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ሰብሳቢው “በዚህ ቤት ለሌላው የሚያስብ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው” አለና መዶሻውን አሳረፈ። አለቀ።

አውቶብሱ መጣ፤ አልዋሽም። አሚሻቭ መሐል፣ ደጃፋችን ላይ ይቆማል፤ በቀጥታ ሰጉላ ያወርደናል። ሾፌሩ እዚሁ ቅርባችን፣ ራማት ቬርበር የሚኖር ደግ ሰው ነው። ለእሱ የተመቸው መኪና መንገድ ላይ ሳይበዛ፣ ጎህ ሳይቀድ መጀመር ነው፤ እኛን ቶሎ አድርሶ፣ ቤቱ ተመልሶ፣ ከልጆቹ ጋር ቁርስ ይበላል። እኛ የፋብሪካው በር ሥር እንኮለኮላለን። ሺሞን ሊከፍት ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን ሌባ መስለነው ነበር።

“አንቺ ሴት፣ ቤት የለሽም ወይ?” አለኝ።

ሰዓቱን ላስቀይር ሚስራዱ ጋ ሄድኩ። እዚያ ያለ አንድ ጸሐፊ የኮሚቴውን ቃል አውጥቶ አነበበልኝ፤ “በነዋሪዎቹ በራሳቸው ጥያቄ ነው” አለ። አባ ወርቁ ዘንድ ሄጄ፣ አንድ ጊዜ ኢየሩሳሌም እንመለስና ሰዓቱን እናስተካክል ብዬ ለመንኳቸው።

“ገና ሳናመሰግን ሌላ ልንለምን? መጀመሪያ ምስጋና ይሄዳል። ከዚያ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ይለመናል።”

“ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው አባ ወርቁ?”

“ለጨዋ ሰው ዓመት አይበቃም?”

እንዲያ ሆነ። ሺሞን ግን ጠዋት ጠዋት ነጠላችንን ተከናንበን ደጃፉ ላይ ማግኘቱ ሰቀጠጠው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ኪሱ ገባና የበሩን ቁልፍ እጄ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ከፍታለሁ፤ መብራቱን እኔ አበራለሁ። እሱ እስከ ረፋድ ይተኛል፤ ወዙ መለስ ብሎለታል። ያባርረኛል ብላችሁ የምትሰጉልኝ ካላችሁ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ አትስጉ። እኔን ካባረረ በማለዳ መነሣቱ ለእሱ ነው።