ፈሪው ኮምፒውተር ሠሪ

ፈሪ ሰው ትወዳላችሁ? እኔ፣ የቆለፍኩትን በር ተመልሼ የምነካው ሴት፣ እወዳለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሠሪ አለ፤ መኪና የማያልፍበትን መንገድ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚሻገረው። የልጄን ኮምፒውተር ሲስተሙን ወደ አዲሱ እንዲቀይርልን ወሰድንለት። የሟች ባለቤቴ ድምፅ የተቀዳው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ያለው ሁሉ ይገልበጥ» አለ።

«ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አለች ልጄ።

«ምንም ላይሆን ይችላል። ግን ይገልበጥ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ የጠፋው ወንድምሽ ተገኘ» አለችኝ።

ፍላሽ ላይ ገለበጠው፤ ሌላ ፍላሽ ላይም ደገመው። ሥራው መሀል መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የኮምፒውተሩ ውስጥ ባዶ ነበር። ፍላሹን ሲሰካው ግን ባለቤቴ «ልጄ፣ በሩን ዘግተሻል?» ሲል ሰማነው። ልጄ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ስጸልይ የዚያን ፈሪ ስም ሁለት ጊዜ እጠራለሁ፤ አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሌላው ይድረስ ብዬ።