የእንግዳ ክፍል ያለው የዶሮ ቤት

ሳሎኑን ለእንግዳ አስጊጦ፣ ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አጭቆ የሚያሳድር አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሩቅ አትሂዱ፤ እኔ አለሁ።

ኖርዌይ፣ ሮመን የሚባል ሰፈር ሳለን፣ በጓሮዬ ለማረባቸው አራት ዶሮዎች ቤት ስመርጥ፣ ጎረቤቴ አሮጊቷ ኖርዌጂያዊት «ጠባቡ ይሻልሃል፤ በብርድ ጊዜ ዶሮ የምትሞቀው በገዛ ገላዋ ነው» አሉኝ። ጠባብ? ሰው ምን ይለኛል? ቆሜ የምገባበትን፣ ባለ ሁለት መስኮቱን ገዛሁ። የጸሎት ወንድሞች መጥተው አደነቁ። አንዱማ «ጋሼ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ ለእኔ የሰጠኝ ቤት ከዚህ ይጠባል!» አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በረዶው ሲገባ ዶሮዎቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ይንቀጠቀጡ ጀመር። እንዳይሞቱብኝ መታጠቢያ ቤት አስገባኋቸው። ልጄ ፎጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ናይ፣ አይሆንም አባዬ! ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ!»

ልጆቼን ስለ ትሕትና ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ፣ መጋዜን አንስቼ የዶሮ ቤቱን መሐል በጣውላ ከፈልኩት። ዶሮዎቹ በጠባቡ ወገን ተጠጋግተው ሞቁ፤ ልጄም ታጠበች። አሮጊቷ መጥተው ሰፊውን ባዶ ክፍል አዩና «ይሄኛውስ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

መዋሸት አልወድም። «ለእንግዳ ነው» አልኳቸው።