ለጣሪያው ወራሽ ጠፋ

መርካቶ ውስጥ አንድ ቤት የግል ይሁን የቀበሌ ለማወቅ ካርታ ማገላበጥ አያስፈልግም። ሐምሌ ይግባ፣ ከዚያ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ወለሉ ላይ ድስት፣ ባልዲና የልጅ ፖፖ ተሰልፎ ጠብ ጠብ የሚልበት ከሆነ ቤቱ የሕዝብ ነው። የእናንተም የእኔም ነው ማለት ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ከራጉኤል ጀርባ ያለው ግቢያችን ስድስት ክፍል ነው፤ ስድስቱም ባንድ ጣሪያ ሥር። የሠሩት የእትዬ በላይነሽ አባት ናቸው። እህል በረንዳ ጤፍ ሲነግዱ ኖረው ያፈሩትን ሁሉ እዚህ ጭቃና ቆርቆሮ ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ደርግ መጣና ትርፍ ቤት ተወረሰ። አንዱን ለራስህ ምረጥ፣ የቀረው የሰፊው ሕዝብ ነው ተባሉ። በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል መረጡ። ለምን ቢሏቸው፣ የሚገባና የሚወጣውን ልይ እንጂ አሉ ይባላል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ዛሬ በዚያች ክፍል የሚኖሩት ልጃቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው።

አልዋሽም፣ እኔ ከተጠቀሙት ወገን ነኝ። ከተወረሱት ክፍሎች አንዷ ለአባቴ ደረሰችው፤ ተወልጄ ያደግሁት እሷ ውስጥ ነው። ኪራይዋ ዛሬ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ግን የርካሽ ኪራይ መዘዙን ታውቃላችሁ? በዚያ ኪራይ አከራዩ ሚስማር እንኳን አይገዛላችሁም። እናድስ ስንል የመንግሥት ቤት ነው፣ እንዳትነኩ ይሉናል። እሺ እናንተ አድሱ ስንል በጀት የለም። ይሄ ምን የሚሉት አከራይ ነው? አይጠግን፣ አያስጠግን። እውነቴን ነው፣ ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ ለመድነው። እኔማ ዝናብ ሲመጣ አልጋዬን ወዴት እንደምገፋ በእንቅልፍ ልቤ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ግን የሸምሱ ሚስት ወለደች። ሸምሱ አራተኛው ክፍል ያለ የከረጢት ነጋዴ ጎረቤታችን ነው። ያን ሰሞን ዝናቡ አራሷ አልጋ ላይ መውረድ ጀመረ። ባልዲ ቢደቅኑ ሞላ፤ ሸራ ቢወጥሩ ተቀደደ። ሕፃኑን ያስለው ጀመር። እትዬ በላይነሽ አንድ ጠዋት ሊጠይቁ ገብተው፣ የሕፃኑን እርጥብ ብርድ ልብስ ደጅ ላይ ጨምቀው ሄዱ። ዕቁብ ወጥቶላቸው ነበርና በማግስቱ ቆርቆሮ የተሸከሙ ወዛደሮች በራችን ላይ ቆሙ። ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አስመቱት። የእሳቸውንም፣ የእኛንም።

ሳምንት ሳይሞላ የወረዳው ሰው ከች አለ። ወጣት ነው፣ ክፉም አይመስልም።

«እትዬ፣ የራስዎን ማደስ መብትዎ ነው። የመንግሥቱን ግን ያለ ፈቃድ ነክተዋል» አላቸው።

«ልጄ» አሉት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ጣሪያው እንደሆነ ግድግዳ የለውም። የኔ የት ጋ እንደሚያልቅ ውጣና አሳየኝ።»

«የመንግሥቱ ይነሳል እትዬ።»

«አንሳዋ።»

ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ ተመለሰ። መዶሻ አላቸው፣ ጉጠት አላቸው፣ መሰላል የላቸውም። ሸምሱን ጠየቀው። ሸምሱ ሃይማኖተኛ ነው፣ መዋሸት አይወድም፤ እኔ የምሸጠው ከረጢት ነው ብሎ አለፈው። እኔን ጠየቀኝ። እኔ ያን ያህል ሃይማኖተኛ አይደለሁም፤ የለም አልኩት። አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ወረደ። ወሬው ቀድሞታል። አንዱ ትናንት አለቀ አለው። አንዱ ሰኞ ብቅ በል አለው። አንዱ ደግሞ መሰላል ከውጭ ነው የሚገባው፣ ዶላር የለም አለው። የአውሮፕላን ክንፍ ብትፈልግ የግራውን ነው የቀኙን ብሎ የሚጠይቅህ መርካቶ፣ አንድ መሰላል አጣ። እንደዚያ ቀን በሰፈሬ ኮርቼ አላውቅም።

ሰውዬው ባዶ እጁን ሲመለስ ዝናቡ ወረደ። ሸምሱ እጁን ይዞ ወደ ቤት አስገባው፣ እኔም ተከተልኩ። አራስ ቤት ተገብቶ ገንፎ ሳይቀመስ አይወጣም፤ ቀረበለት። ከላይ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ ከታች ጠብታ የለም። ሕፃኑ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሰውዬው ሊጎርስ ጎንበስ ሲል አራሷ አልጋ ሥር የተጋደመውን የእትዬ በላይነሽን መሰላል አየው። ሲያየው አየሁት። ጉርሻውን ጎረሰ።

ሲወጣ እትዬ በላይነሽን ገለል አድርጎ አነጋገራቸው። ለካ እሱም የሚኖረው የቀበሌ ቤት ነው፤ እናቱ በክረምት ባልዲ ሲያቀያይሩ ነው የሚያነጉት። ለማደስ ቢጠይቅ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ከልክሎታል። መሰላሉን ለአንድ ሁለት ቀን ቢያውሱኝ አላቸው። አዋሱት። ቆርቆሮውን የሚያነሳ ሰውም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

መሰላሉም አልመጣም። ይኸው ወር አለፈው። ይተዉት እትዬ፣ የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ በሚባልበት አገር እርስዎ መሰላል ያባርራሉ ወይ ብላቸው፣ እኔ ጠጋኝ እንጂ ዘራፊ አይደለሁም ብለው ተቆጡኝ። ዛሬ ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዳ ሄዱ፣ አብሬያቸው ሄድኩ። ወንበር ቢያመጡላቸው አልቀመጥም አሉ።

«የአባቴን ቤት ስትወስዱ ልጅ ነበርኩ» አሉ፣ ኮሪደሩ በሙሉ እየሰማ። «መሰላሌን ግን ሳልይዝ አልሄድም።»