ዳሌ ሳይ ተያዝኩ

ስሙኝማ፣ ዛሬ ቦንጋ ገበያ መሀል የአንድ አባት ዳሌ ስከተል ተይዣለሁ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አስጨርሱኝ።

የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት የፕራክቲካል ፈተና ነበረኝ፣ ያውም ሪኤግዛም። አንዴ ወድቄዋለሁ። ዛሬም ከወደቅኩ ጓደኞቼ ኢንተርንሽፕ ሲወጡ እኔ ከታች ባቾች ጋር ቁጭ ማለቴ ነው። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ለሰፈሩ ሁሉ "ዶክተሯ" ብላ ጨርሳለች።

የፈተናው ርዕስ? የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻዎች። ሳቁ እሺ፣ ሳቁ።

ትልቁን ግሉቲየስ ማክሲመስን ተዉት፣ እሱ የምንቀመጥበት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከጎን ያለው ግሉቲየስ ሚዲየስ ነው። በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን እንዳይዘም የሚይዘው እሱ ነው። የቀኙ ከደከመ፣ በቀኝ እግር ስትቆሙ የግራው ዳሌ ይወርዳል። የደከመው ሌላ፣ የሚወርደው ሌላ! ባለፈው ጉድ የሠራኝ ይሄው ነው።

ስለዚህ ጠዋት ከመጽሐፍ ይልቅ ሰው ሲራመድ ልይ ብዬ ወጣሁ። ወይኔ ብልጧ።

ገበያው ዳገት ላይ አንድ አባት ከፊቴ ይሄዳሉ። ቀኝ እግራቸውን በረገጡ ቁጥር ግራ ዳሌያቸው ዝቅ ይላል። ግራ እጃቸው ላይ የተጠቀለለ ጃንጥላ አለ፣ ሳይዘንብ ይመረኮዙታል። ደስ ብሎኝ ልሞት! ተከተልኳቸው። ማር ተራ ሲቆሙ ቆምኩ፣ ሲሄዱ ሄድኩ።

ድንገት ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም፣ አባባ።"

"ታዲያ ከኋላዬ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ማር ሻጮቹ በሙሉ አፈጠጡብኝ። ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፤ ወዴት እንደምሄድ እንኳ ለሾፌሩ አልነገርኩትም።

ከሰዓት ተራዬ ደረሰ። ፈታኙ ዶክተር በሩን ከፍቶ እንድንመረምራቸው የፈቀዱልንን ታካሚ አስገባ።

ቀድሞ የገባው ጃንጥላው ነው።

አዎ፣ እሳቸው። ጋሽ ገብሬ ይባላሉ፣ ከዋጫ ለቀጠሮ የመጡ ናቸው። አዩኝ፣ አየኋቸው። ጃንጥላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሽ ገብሬ፣ ጃንጥላዎን ልያዝልዎት። በቀኝ እግርዎ ብቻ ይቁሙልኝ" አልኩ።

ግራ እግራቸውን አነሱ። እኔም ቶሎ ብዬ ክንዳቸውን ደገፍኩ።

ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው ሲንገዳገድ ቆማ የምታይ ልጅ እናቴ አላሳደገችም።

ዳሌያቸው ቀጥ ብሎ ቀረ። እኔ ይዤያቸው ምን ብሎ ይወርዳል?

"ጡንቻውን ነው የምትመረምሪው ወይስ የምትተኪው?" አለ ዶክተሩ። "ልቀቂያቸው።"

ለቀቅኩ። ግራው ወረደ፣ ልክ እንደ ጠዋቱ። "የቀኙ ግሉቲየስ ሚዲየስ ደክሟል" አልኩ። እፎይ ልል ስል ጋሽ ገብሬ ወደ ግራ አዘነበሉ።

ዘልዬ ያዝኳቸው። በሁለት እጄ።

ዳሌያቸውን።

"እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ የፈለግሽው ይሄን ነበር?" አሉ ጋሽ ገብሬ፣ ቀስ ብለው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ይሁን እየጣለኝ አላውቅም። ውጤት ሰኞ ነው።

ስንወጣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ደረጃው ያዳልጣል። ጋሽ ገብሬ ጃንጥላውን ዘርግተው ለእኔ ሰጡኝና ክንዴን ያዙ። እስከ ባጃጁ ድረስ አልለቀቁኝም።

እናቴ ሁለቴ ደውላለች፣ አላነሳሁም። ምን እላታለሁ? ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ግን እውነቱን ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትለቋቸው ነበር?