የዶሮዋ ዲግሪ

(ጅማ፣ መንደራ ቆጪ። የልብስ ሰፊው ሙሐመድሳኒ ኩሽና። ረመዳን ነው፤ ለአፍጥር ጥቂት ቀርቷል። ምድጃው ላይ የዶሮ ወጥ ይንተከተካል። ጎረቤቱ ጋሼ ፈለቀ፣ ጡረተኛ የሳይንስ መምህር፣ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ወረቀት ዘርግተዋል።)

ሙሐመድሳኒ፦ ወላሂ በስላለች እኮ ጋሼ!

ፈለቀ፦ መብሰሏን የሚናገረው ቁጥር ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ቀምሰሃታል?

ሙሐመድሳኒ፦ ጾሜን ይዤ? እርስዎ አይቀምሱልኝም?

ፈለቀ፦ እኔስ ሁዳዴን ልሻርልህ? የሁለታችንም ምላስ ታሽጓል። ሳይንስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። (ወረቀቱን ያነባሉ) ዶሮ፣ ሰባ አራት።

ሙሐመድሳኒ፦ ወገቧ ነው ደረቷ?

ፈለቀ፦ ምኑ?

ሙሐመድሳኒ፦ ሰባ አራቱ። ደረቷ ከሆነ ይሰፋታል።

ፈለቀ፦ ቀሚስ ልትሰፋላት ነው እንዴ? ሰባ አራት ዲግሪ!

ሙሐመድሳኒ፦ ሱብሐነላህ! ልጄ ሂንድ አንድ ዲግሪ ለመያዝ ኪቶ ፉርዲሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አምስት ዓመት ተመላለሰች። ይኸው ሥራ የለም። ለዶሮ ሰባ አራት?

ፈለቀ፦ የሙቀት ዲግሪ! ከዚያ በታች ከሆነች ውስጧ ያለው ተሕዋስ አይሞትም። ያልሞተ ተሕዋስ ደግሞ የት ይሄዳል? የሚስትህ አባት ሆድ ውስጥ!

ሙሐመድሳኒ፦ አላህ ይጠብቀን! ሐጂራ እኮ ከኮረፈች ወር ሆናት። አንድ ቀን አምልጦኝ «ምግብ ማብሰል ደግሞ ሥራ ነው?» አልኳት። ተነሥታ አጋሮ አባቷ ቤት ገባች። «አባቴን በራስህ እጅ አብስለህ አስፈጥረው፤ ከበላልህ እመለሳለሁ» ነው ያለችው። ዛሬ ሰውዬውን ሆዱን ካመመው እኔ ሚስት የለኝም።

ፈለቀ፦ እኔ እያለሁ? ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት! በድሮው የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ያ ሽፋኑ አረንጓዴው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የቆመ ቴርሞሜትር ተሥሎ ነበር። አቤት ሥዕል! እንፋሎቱ ሳይቀር ይታይሃል። የዛሬ ልጆች እሱን ሳያዩ ይመረቃሉ።

ሙሐመድሳኒ፦ ሂንድም አላየችውም?

ፈለቀ፦ ታዲያ ሥራ ያጣችው ለምን ይመስልሃል?

ሙሐመድሳኒ፦ ለሳምቡሳ ያዘጋጀሁት ሥጋስ?

ፈለቀ፦ የተፈጨ፣ ሰባ አንድ። ያልተፈጨው የበሬ ሥጋ ግን ስልሳ ሦስት ይበቃዋል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ያርፋል።

ሙሐመድሳኒ፦ ሥጋው ያርፋል? እኔ ከሌሊቱ ሱሑር ጀምሮ ቆሜ ውዬ? ደግሞስ አንድ በሬ አይደለም? ለምን ይበላለጣል?

ፈለቀ፦ ተሕዋሱ የሚቀመጠው ከላይ ነው። ስትፈጨው ላዩ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሙሐመድሳኒ፦ ኮት እንደ መገልበጥ በሉኛ! ውጭው ገበር ሆነ።

ፈለቀ፦ እ... አዎ። እኔም እንደዚያ ልል ነበር። (ከኪሳቸው ቀጭን ነጭ መለኪያ ያወጣሉ።)

ሙሐመድሳኒ፦ ይሄ ለትኩሳት ብብት ውስጥ የሚገባው አይደለም እንዴ?

ፈለቀ፦ ሙቀት ሙቀት ነው። ዶሮስ ብብት የላትም? ክንፏን አንሣ!

(ሙሐመድሳኒ በጭልፋ ክንፏን ያነሣል። ፈለቀ ይሰካሉ። መለኪያው ጢጥ ጢጥ ይላል።)

ሙሐመድሳኒ፦ ስንት አለ?

ፈለቀ፦ ቁጥር አላወጣም። በእንግሊዝኛ «ሃይ» ብሏል።

ሙሐመድሳኒ፦ ምን ማለት ነው?

ፈለቀ፦ ሰላምታ ነዋ! የፈረንጅ ዕቃ ሥርዓት ያውቃል፤ ሰላም ሳይል ሥራ አይጀምርም።

ሙሐመድሳኒ፦ (ወደ መለኪያው ጎንበስ ብሎ) ወአለይኩም ሰላም።

ፈለቀ፦ አትቀልድ፣ እሳት ጨምር!

ሙሐመድሳኒ፦ ጋሼ፣ ይሄ «ሃይ» የሚለው ግን...

ፈለቀ፦ ጨምር አልኩህ! የእንግሊዝኛ መምህር ሲቀር የምተካው እኔ ነበርኩ።

ሙሐመድሳኒ፦ ቶሌ፣ እሺ፣ እርስዎ ካሉ። እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ፣ ጭሱ ዓይንዎን እንዳይጎዳው። (ከጀርባቸው የጭልፋና የሳህን ድምፅ ይሰማል።)

(ጥቂት ቆይቶ። ፈለቀ መለኪያውን እንደገና ይሰካሉ።)

ፈለቀ፦ አሁንም «ሃይ»! ምን ዓይነት ሰላምተኛ ዕቃ ነው? ከሰል ጨምር!

ሙሐመድሳኒ፦ አለቀ።

ፈለቀ፦ እንጨት ጨምራ!

(ውጭ ባጃጅ ይቆማል።)

ሙሐመድሳኒ፦ መጡ!

ፈለቀ፦ ቁጥሩ ሳይወጣ? አስቁማቸው!

ሙሐመድሳኒ፦ ቁጥር አይወጣም ጋሼ። ሂንድ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ልትቀር «አመመኝ» ብላ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሻይ ውስጥ ነከረችው። «ሃይ» አለ። መድኃኒት ቤት ብወስደው «ከአቅሙ በላይ ሞቆበት ነው» አሉኝ። ለሰው የተሠራ ነው፤ አርባ ምናምን ላይ ትምህርቱን ያቋርጣል።

ፈለቀ፦ ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?

ሙሐመድሳኒ፦ መምህር ሲናገር አይቋረጥም ብለው ስድስተኛ ክፍል መዳፌን በማስመሪያ የመቱኝ ማን ነበሩ?

ፈለቀ፦ (ድስቱን ከፍተው ይደነግጣሉ) ወይኔ! ዶሮዋ ከሰል ሆናለች! አንተ ሰው፣ ትዳርህ!

ሙሐመድሳኒ፦ ዶሮዋ ቅድም ወጥታ ሳህን ላይ ተሸፍናለች። ውሃ ጅማ ላይ ዘጠና አራት ገደማ ይፈላል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የሚፈላ ወጥ ውስጥ ሰዓት ተኩል የተንተከተከች፣ ሥጋዋ ከአጥንቷ የለቀቀ ዶሮ ሰባ አራት ካልደረሰች ማን ይደርሳል?

ፈለቀ፦ እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ የምለካው ምን ነበር?

ሙሐመድሳኒ፦ ክንፏንና አንገቷን። ቅር እንዳይልዎት ተውኩልዎት።

ፈለቀ፦ (ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በመስኮት አሻግረው) ያቺ... ሐጂራ አይደለችም? የያዘችው ምንድን ነው?

ሙሐመድሳኒ፦ (ወደ መስኮቱ ተጠግቶ) ሻንጣ! ሁለት ሻንጣ! አልሐምዱሊላህ! አባቷ ሳይበላ ወስናለች ጋሼ!

ፈለቀ፦ (ደረታቸውን ነፋ አድርገው) አየህ? ሳይንስ አሸነፈ!

ሙሐመድሳኒ፦ (ወደ በሩ እየሮጠ) ሳይንሱን ከምድጃው ያውርዱት ጋሼ፤ አረረ!